ከትሬንታ ኳትሮ እስከ አይዲ፦ የጅማ መንገድ እህትማማች መኪኖች

የጅማ እንጨት ጠራቢ ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ የሚያወጣው ባለሦስት እግር በርጩማ ስሙ አገር የዞረ ነው። ገዢው ገልብጦ ያየዋል፣ ስንጥቅ ይፈልግበታል፣ በመዳፉ ይዳብሰዋል፣ በመጨረሻም ቁጭ ብሎ ይሞክረዋል። መኪናም ወደዚህች ከተማ ሲመጣ ከዚህ ፈተና አላመለጠም። ላለፉት ዘጠና ዓመታት ገደማ ከአዲስ አበባ ተነስቶ የጊቤን በረሃ አቋርጦ ጅማ በሚገባው መንገድ ላይ የፊያት፣ የቶዮታና የቮልስዋገን ቤተሰቦች ተራ በተራ ተመላልሰዋል። ከአንድ አምራች የወጡ፣ አንዳንዴም ሻንሲና ሞተር የሚጋሩ እህትማማቾች ናቸው። በሩ ሲከፈት ግን ልዩነቱ ይጀምራል፦ ለአንዷ ቆዳ፣ ለሌላዋ ላስቲክ ተመድቧል። መዳቢው አምራቹ ነው። በዚያ ወንበር ላይ ማን ይቀመጣል ብሎ እንዳሰበ ከዚህ ምደባ የበለጠ የሚመሰክር ነገር የለም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከበቅሎ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር በጅሬን ኮረብታ ላይ ሆነው ባስተዳደሩበት ዘመን የሂርማታ ገበያ ቡና፣ ማርና ቆዳ በነጋዴ ቅፍለት ተጭኖ ነበር የሚወጣው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ አደረጋት። በሂርማታ ዙሪያ አዲስ ከተማ ቆረቆረ፤ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን የወሊሶ፣ የወልቂጤና የጊቤ መንገድም ለመኪና አበጀው።

በዚህ መንገድ ላይ የነገሠው ፊያት 634 ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ የተሠራ የናፍጣ የጭነት መኪና ሲሆን አገሬው ‘ትሬንታ ኳትሮ’ ብሎ ጠርቶታል። ከጎኑ የላንቺያና የኦኤም መኪኖችም ነበሩ። ኦኤም የብሬሻ ከተማ ፋብሪካ ሲሆን ፊያት እ.ኤ.አ. በ1933 ጠቅልሎታል። ላንቺያ ግን ያኔ ገና ባላንጣ ነበር፤ ከፊያት ጥላ ሥር የገባው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በዚያ ዘመን የጭነት መኪና ጋቢና ማለት በአብዛኛው በእንጨት አጽም ላይ የተለበደ ላሜራ፣ አንድ ወጥ አግዳሚ ወንበርና ጥቂት መቆጣጠሪያዎች ማለት ነበር። መኮንኑ በዚያው ፋብሪካ በተሠራችው በፊያት 508 ላይ፣ ጨርቅ በለበሰና ስፕሪንግ ባለው ወንበር ይጓዛል። ወታደሩ ከጋቢናው ኋላ በጣውላ አግዳሚ ላይ ነው። መንገዱን በዶማ ሲቆፍር የዋለው ኢትዮጵያዊ ደግሞ ቦታ ካገኘ ከጭነቱ በላይ ይወጣል። አንዱ የቱሪን ፋብሪካ ለሾፌሩ፣ ለመኮንኑና ለወታደሩ አስቦ ነበር፤ ለአራተኛው አላሰበም።

ሰኔ 1933 ዓ.ም. ጅማ ከጣሊያን እጅ ስትወጣ መኪኖቹ ቀሩ፤ ከመካኒኮቹም ጥቂት የማይባሉት ቀሩ። ፍሪሲዮን፣ ባልስትራ፣ ስፖኪዮ፣ ጋቢና እያለ የሚሠራ የኢትዮጵያ መካኒክ ትውልድ ከእነሱ ጎን አደገ። መለዋወጫ በማይገኝበት በዚያ ጊዜ የተቀደደ ወንበር በጠፍርና በሸራ ይጠገን፣ የበሰበሰ የጋቢና እንጨትም በጅማ ዙሪያ በሚበቅል ዋንዛ ይተካ ነበር ቢባል አያስደንቅም። ለዚህ የሚሆን እጅ በከተማዋ ሞልቷል።

መንገዱ ራሱ ግን ተጎሳቁሎ ነበር። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1950 ለኢትዮጵያ ያጸደቀው የመንገድ ብድር ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ሲሆን፣ በዓመቱ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። የቡናው ዋጋ ጥሩ ነበር፤ መንገዱ እየተጠገነ ሲሄድ ትልልቅ የጭነት መኪኖች ደግሞ ታዩ። ከነዚህ ሁሉ ስሙ እስከ ዛሬ ያልጠፋው ፊያት 682 ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ተጀምሮ በተከታታይ የተሻሻለ ሲሆን ኤን ትሬ የሚባለው ዓይነቱ የኢትዮጵያን የጭነት ሥራ ለአሥርተ ዓመታት ተሸክሟል።

የኤን ትሬ ጋቢና ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ከአሥር ሊትር በላይ የሆነው ሞተር የሚያርፈው በሾፌሩና በረዳቱ መካከል ከክዳን ሥር ነው። ዳገቱን ከጊቤ ወደ አባልቲ ሲወጣ ሙቀቱና ጩኸቱ እዚያው ጋቢናው ውስጥ ነው፤ ንጋት ላይ ግን በወሊሶ ደጋ ያው ሙቀት በረከት ይሆናል። ከወንበሩ ጀርባ መተኛ ነበረው። ፕላስቲክ የሚባል ነገር እምብዛም የለበትም፤ ቀለም የተቀባ ብረት ነው። መሪው በቀኝ ነው፤ ጣሊያኖች ሾፌሩ የተራራውን መንገድ ጠርዝ በዓይኑ እየለካ እንዲሄድ ብለው ያደረጉት ነው። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ስትዞር ኤን ትሬ መሪውን በቀኝ እንደያዘ ቀጠለ። ለመቅደም የፈለገ ሾፌር ከዚያ ወዲያ የረዳቱን ዓይን መዋስ ግድ ሆነበት።

ፋብሪካው ባዶ የተወውን ሾፌሩ ሞላው። በዳሽቦርዱ ላይ ዳንቴል ተነጠፈ፤ በወንበሩ ላይ የበግ አጎዛ ተደረበ። አንዱ የመካ ሥዕል፣ ሌላው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ሰቀለ። ይህን እንደ ተራ ጌጥ ማየት ስህተት ነው። አምራቹ ሥራ ቦታ ብሎ የሠራውን ሾፌሩ ቤት አደረገው፤ በዓመት ውስጥ ከሚስቱ ጎን ካደረበት ሌሊት ይልቅ እዚያ መተኛ ላይ ያደረበት ይበዛ ነበርና።

በነዚሁ ዓመታት ትንንሾቹ የፊያት እህቶች ከተማውን ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣችው ፊያት 600፣ የአዲስ አበባዋ ሴይቼንቶ ታክሲ፣ በስፔን ሴያት፣ በዩጎዝላቪያ ዛስታቫ እየተባለች ተመርታለች። በጀርመን በኩል ደግሞ የቮልስዋገኗ ቢትል መጣች፤ ሁለት በር፣ ቀለም የተቀባ የላሜራ ዳሽቦርድ፣ ከኋላ ለመግባት የፊቱን ወንበር ማጠፍ። ቀጥሎ የሆነውን ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቀዋል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን የወረዱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚህችው መኪና ነው። በሮልስሮይስ ሰፊ ወንበር ዓለም ያያቸው ንጉሠ ነገሥት በታጠፈው ወንበር አልፈው ከኋላ ተቀመጡ። ደርግ ብዙ አዋጅ አውጥቷል፤ የሕዝቡን ዓይን የያዘው ግን ይህ ወንበር ነበር።

ፊያት በዚህ ጊዜ ቤተሰቡን እያሰፋ ነበር። አውቶቢያንኪን ሙሉ በሙሉ ወሰደ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ላንቺያን ገዛ። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው አምቼ የፊያትን የጭነት መኪኖች መገጣጠም ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ የፊያት፣ የኦኤምና የላንቺያ የሥራ መኪና ክፍሎች ከፈረንሳዩ ኡኒክና ከጀርመኑ ማጊሩስ ጋር ተዋህደው ኢቬኮ ተወለደ። የእህትማማችነቱ ነገር ከዚያ በኋላ በጣም ቀለለ። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ቀላል የጭነት መኪና በፊያት መሸጫ ‘ዴይሊ’፣ በኦኤም መሸጫ ‘ግሪንታ’ ተባለ። ጋቢናው ያው ነው፤ የሚለየው አርማው ነው። በትንንሾቹ መኪኖች ግን ፊያት ሌላ ዘዴ ነበረው። አውቶቢያንኪ ኤ112 ከፊያት 127 ጋር ብዙ የሜካኒክ ክፍል ይጋራል፤ ሆኖም ውስጡ ይበልጥ የተዋበ ስለነበር ዋጋውም ከፍ ይል ነበር። አንዱን አካል በሁለት ልብስ መሸጥ ያኔ ጥበብ ሆነ።

ከሁሉ የሚደንቀው የፊያት 124 ዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ቱሪን ላይ ተወልዶ በዓመቱ የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ ተሸለመ። በዚያው በተወለደበት ዓመት ፊያት ከሶቪየት ኅብረት ጋር ተፈራርሞ በቮልጋ ዳር፣ በጣሊያናዊው ኮሚኒስት በፓልሚሮ ቶሊያቲ በተሰየመችው ከተማ፣ ፋብሪካ ተከለ። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣችው የመጀመሪያዋ መኪና ለውጭ ገበያ ላዳ ተባለች። ስፔን 124ን ሴያት ብላ፣ ቱርክ ሙራት ብላ አመረተችው። ኢትዮጵያ የደረሰው ትልቁ ቅርንጫፍ የሩሲያው ነው።

የሶቪየት መሐንዲሶች በ124 ላይ ከ800 በላይ ለውጥ አድርገዋል። ላሜራው ወፈረ፤ የኋላው ዲስክ ፍሬን በከበሮ ፍሬን ተተካ፤ መኪናዋ ከመሬት ከፍ አለች፤ ሞተሩ ተለወጠ። ባትሪ ለደከመበት ሰው በእጅ ማስነሻ ማኒቬላ ታሰበለት። የውስጧ ለውጥ ጥቂት ቢሆንም ሐሳብ አለበት፦ ማሞቂያዋ ለሳይቤሪያ ብርድ የተሰናዳ ነው፤ የፊት ወንበሮቿ ወደ ኋላ ሲተኙ አልጋ ይሆናሉ። ጣሊያናዊው ለከተማ መንገድ የሠራውን ሩሲያዊው ለረጅም ጉዞና ለክረምት አለበሰው። ለኢትዮጵያ መንገድ የሚስማማው የሩሲያው ሐሳብ ሆኖ ተገኘ። አዲስ አበባ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው ለአሥርተ ዓመታት ታክሲ የሆኑት ላዳዎች ይህን አስመስክረዋል።

ላዳም በተራዋ እህቶች ወለደች። እ.ኤ.አ. በ1972 የመጣችው 2103 የፊያት 124 ስፔሻል ልጅ ነች። አራት መብራት፣ ክብ ክብ መለኪያዎች፣ የሞተሩን ዙር የሚቆጥር ሰዓት፣ እንጨት መሰል ጌጥ ነበራት። በ1976 የመጣችው 2106 የራስ መደገፊያና የተሻለ የወንበር ልብስ ጨመረች። በ1980ዎቹ ደግሞ ሁለት እህትማማቾች ጎን ለጎን ተሸጡ። 2105 የቁጠባዋ ናት፤ ውስጧ ደረቅ ፕላስቲክ ነው። 2107 የክብሯ ናት፤ ከፊቷ የሚያብለጨልጭ ፍርግርግ፣ ውስጧ ከፍ ያለ ጀርባ ያለው ለስላሳ ወንበር። እኩልነት በሚሰበክበት ሥርዓት ውስጥ በአንድ የማምረቻ መስመር ላይ ለሁለት ዓይነት ተቀማጭ ሁለት ዓይነት ወንበር ይሰፋ ነበር።

ለስላሳ ጨርቅ ግን ለጅማ አይሆንም። ከተማዋ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። እርጥብ ጫማ፣ እርጥብ ጋቢ፣ እርጥብ የቡና ጆንያ ገብቶ የሚወጣበት ጨርቅ ይሻግታል፤ ሽታውም አይለቅም። በጨርቅ የሚወለወለው ቆዳ መሰል ወንበር በካታሎግ ላይ የርካሽ ምልክት ሆኖ ሳለ በሊሙ፣ በጎማና በጌራ መንገድ ግን የጥራት ምልክት ነው። ሞስኮም ሆነ ቱሪን ይህን አላሰቡትም፤ የአጋሮ ሾፌር ግን ወንበሩን በፕላስቲክ ሸፍኖ አሳይቷል።

ይህን የተረዳ የሚመስለው አምራች ከሩቅ ምሥራቅ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተው ሞኤንኮ የቶዮታ ወኪል ሆኖ ላንድክሩዘርን ወደ አገር ቤት አስገባ፤ ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወዲህ ደግሞ የእርዳታ ድርጅቶች ነጭ ላንድክሩዘሮች በየመንገዱ በዙ። ያኔ አዲስ የነበረው 70 የሚባለው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ ነው። ረጅሙ ሃርድ ቶፕ ከኋላ ጎንና ጎን ትይዩ የሆኑ አግዳሚዎች አሉት፤ ወለሉ ላስቲክ፣ መቀመጫው የሚወለወል፣ በሮቹ ቀለም የተቀባ ብረት የሚታይባቸው ናቸው። ዓመታት አልፈው የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ለወረዳዎች አምቡላንስ ሲያከፋፍል ይኸው መኪና አልጋ ገባለት። ምጥ የያዛትን እናት ከገጠር ቀበሌ ወደ ጅማ ሆስፒታል የሚያደርስ መኪና ወለሉ በውሃ መታጠብ አለበት። በዚህ ሥራ ላይ ምንጣፍና ቆዳ ጥራት አይደሉም።

የዚያው ቤተሰብ ሌላ ቅርንጫፍ ግን ቤተ መንግሥት ሆኖ ነበር። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1989 ሌክሰስን ፈጠረ። በ1996 በአሜሪካ የወጣው ሌክሰስ ኤልኤክስ 450 እንደ እውነቱ ከሆነ ላንድክሩዘር 80 ነበር፤ ዳሽቦርዱ ያው፣ ሞተሩ ያው ሆኖ ቆዳ፣ የእንጨት ጌጥና አዲስ አርማ ተጨመረለት፤ ዋጋውም ከፍ አለ። ገዢዎች ይህን ሳያስተውሉ አልቀሩም። ኩባንያውም በየትውልዱ ሁለቱን ማራራቅ ጀመረ፤ በኤልኤክስ 570 ጊዜ ዳሽቦርዱ የራሱ ሆነ።

በዋሽንግተንና በአካባቢው ታክሲ የሚነዱ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይህን ትምህርት በሌላ መንገድ ያውቁታል። ካምሪና ሌክሰስ ኢኤስ ከመጀመሪያው የአንድ መሠረት ልጆች ናቸው። ልዩነቱ ከሚታየው ይልቅ በማይታየው ላይ ይበዛል፦ በበሩ ውስጥና በወለሉ ሥር ድምፅ የሚውጥ ልባስ፣ እጅ በሚያርፍበት ሁሉ ከፕላስቲኩ ሥር የተደረገ ስፖንጅ። ቀን ሙሉ መሪ የያዘ ሰው ክንዱ ያረፈበት ቦታ ደረቅ ይሁን ለስላሳ ማታ ላይ ያውቀዋል።

በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥ ገበያውም ተለወጠ። ከ1980ዎቹ የአውሮፓ ዘመን ጀምሮ የነበረችው ኮሮላ ዲኤክስ እርጅና ሳይበግራት ከእጅ ወደ እጅ መሸጧን ቀጠለች። ቀጥሎ ከጃፓን በዱባይ በኩል ያገለገለ ቪትዝ ጎረፈ። ቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ስትወጣ የፍጥነት መለኪያዋ በዳሽቦርዱ መሃል ላይ ነበር፤ መሪዋ ግን በቀኝ። ዱባይ ላይ መሪዋ ወደ ግራ እየዞረ መጣች። መለኪያው መሃል መሆኑ ሥራውን አቀለለው፤ ዳሽቦርዱ ግን ተቆርጦ የተቀጠለ ነው፤ ያስተዋለ ሰው ስፌቱንና ክፍተቱን ያገኛል። በፋብሪካ መሪዋ በግራ ተደርጎ የተሠራችው እህቷ ያሪስ በዚህ ምክንያት ዋጋዋ ከፍ ይላል። ልክ ነው፤ መሪና ዳሽቦርድ በአደጋ ጊዜ ከሰው ደረት ፊት ያሉ ነገሮች ናቸውና በመዶሻና በሙጫ የሚታረሙ አይደሉም።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ላንድክሩዘር 200 ደግሞ በኢትዮጵያ ‘ቪ8’ ተብሎ የባለሥልጣን መኪና ስም ሆነ። በአንዱ ስም ውስጥ ራሱ ደረጃ ነበረው፤ ጂኤክስ ጨርቅና ተራ ሬዲዮ፣ ቪኤክስአር ቆዳና ማቀዝቀዣ። በዚያው መንገድ ላይ ሕዝቡ የተሳፈረው በአባዱላ ሚኒባስና በአይሱዙ ቅጥቅጥ ነው። የቅጥቅጡን ነገር ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። አምራቹ የሚያቀርበው ሻንሲና የሾፌር ጋቢና ነው፤ የተሳፋሪው ክፍል አገር ውስጥ በብየዳ ይሠራል። የሾፌሩ ወንበር ጃፓን ውስጥ ተፈትኗል። ከኋላ ጉልበቱ ከፊቱ ወንበር ብረት ጋር እየተላተመ ከጅማ አዲስ አበባ የሚሄደው ተማሪ የተቀመጠበትን ወንበር የፈተነው ግን ራሱ ተማሪው ነው። ለመኪናው ጥራት ስም የሚያወጣ ሁሉ ይህን ወንበር ሊቆጥረው ይገባል።

ቶዮታ ቤት ውስጥ አንድ ሌላ እህት ነበረች፦ ዳይሃትሱ። እ.ኤ.አ. በ1998 ቶዮታ አብላጫ ድርሻዋን ያዘ፤ በ2016 ሙሉ በሙሉ ጠቀለላት። አዲስ አበባ በብዛት ያየቻት ቴሪዮስ የእሷ ናት። በ2006 የወጣችው ሁለተኛዋ ቴሪዮስና ቶዮታ ራሽ ከአንድ መስመር የወጡ ናቸው፤ መሪው ላይ ያለውን አርማ በእጅ የሸፈነ ሰው የትኛው ውስጥ እንደተቀመጠ ለመለየት ይቸገራል። በኢንዶኔዥያ በ2017 የተተኩትም እንዲሁ። ደረቅ ፕላስቲክ፣ ቀጭን የበር ልባስ፣ ግን ረጅም ዕድሜ፤ ገዢው ዋጋውንና መለዋወጫውን አይቶ ተቀበለ።

ልባሱ የሚያስጨንቅ ነገር ሆኖ የተገኘው ከዓመታት በኋላ ነው። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ዳይሃትሱ ለጎን ግጭት ፈተና ባቀረባቸው መኪኖች የፊት በር ልባስ ላይ ለሽያጭ በሚቀርቡት ላይ የሌለ ቅርጽ ቆርጦ እንደነበር አመነ። ዓላማው የአየር ከረጢቱ ሲፈነዳ ልባሱ ስለት እንዳይፈጥር ነበር። ጉዳዩ 88 ሺህ መኪኖችን ነካ፤ አብዛኞቹ የቶዮታ አርማ የለጠፉ ያሪስ አቲቭ ነበሩ። ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ላይ ምርመራው 64 ሞዴል ደረሰና ኩባንያው ጭነቱን ሁሉ አቆመ። ከነዚህ ሞዴሎች መካከል ከቶዮታ ሌላ የማዝዳና የሱባሩ ስም የያዙም ነበሩ። ከአንድ ፋብሪካ የወጣ የበር ልባስ አርማ ቢለወጥለትም ጉድለቱ አብሮ እንደሚሄድ በዚህ ታወቀ። የውስጥ ዕቃ ጥራት የምቾት ጉዳይ ብቻ ነው የሚለውን ሰው ይህ ታሪክ ሊያሳርፈው አይገባም።

ያ ዜና ገና ሳይበርድ ኢትዮጵያ የራሷን በር ዘጋች። ጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ መወሰኑን ተናገሩ። መንገዱ ለቻይና ምርቶች ተከፈተ፤ ከነሱ መካከል የድሮዋ የቢትል ቤተሰብ ተመልሳ መጣች። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. ጥር 2019 የጀርመኑ ፕሬዚዳንት ሽታይንማየር አዲስ አበባ በነበሩበት ጊዜ በአገር ውስጥ መኪና ለመገጣጠም የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርሞ ነበር። የመጡት መኪኖች ግን በዚያ መንገድ ሳይሆን ከቻይና በነጋዴ እጅ የገቡት አይዲ 4 እና አይዲ 6 ናቸው። አይዲ 6 ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራች ባለሦስት ረድፍ ወንበር መኪና ናት።

እህትማማችነቱ እዚህ ላይ እጥፍ ድርብ ነው። ቮልስዋገን በቻይና አይዲ 4ን የሚሠራው ከሁለት ሸሪኮች ጋር ነው፣ ከኤፍኤደብሊውና ከሳይክ። አንዱ አይዲ 4 ክሮዝን፣ ሌላው አይዲ 4 ኤክስን ይሠራል፤ ከውጭ ፊታቸው ጥቂት ይለያያል፣ መሠረታቸው አንድ ነው። በአውሮፓ ያው መሠረት ለስኮዳ ኢንያክና ለአውዲ ኪው 4 ሆኗል። አውዲ የአየር ማቀዝቀዣውን መቆጣጠሪያ በሚዳሰሱ ቁልፎች ተወው። ርካሽ የምትባለው ስኮዳ ደግሞ ውስጧን በተለያየ ጨርቅና ስፌት አሳምራ፣ ከማያ ገጹ ሥር እውነተኛ ቁልፎች አስቀምጣ ብዙ ገምጋሚዎችን ማረከች። መሃል ላይ ያለችው ቮልስዋገን ናት የተጎዳችው። ሙቀትና ድምፅ የሚስተካከሉት በጣት በሚነካ መስመር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መስመሩ መብራት ስላልነበረው በጨለማ አይታይም ነበር።

መስኮቱ ደግሞ አለ። አይዲ 4 አራት መስኮት አላት፤ በሾፌሩ በር ላይ ያሉት መክፈቻዎች ግን ሁለት ናቸው። የኋላዎቹን ለመክፈት ወይም ለመዝጋት በመጀመሪያ ወደ ኋላ የሚያዞረውን ምልክት መንካት ያስፈልጋል። ስኮዳና አውዲ ለአራት መስኮት አራት መክፈቻ ሰጥተዋል። ከጅማው የጊንጆ ሰፈር ተነስቶ ልጆቹን ከኋላ ይዞ ወደ አጋሮ የሚሄድ ሰው የጅማ ዝናብ ድንገት ሲወርድበት ይህ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ አስረጂ አያሻውም።

ሌላው ጉዳይ ማያ ገጹ ነው። ለቻይና ገዢ የተሰናዳ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ በቻይንኛ ተጽፎ ይመጣል፤ ቋንቋውን የሚቀይሩ ባለሙያዎች አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ከፍተዋል። ማያ ገጹ ሲበላሽ ግን ማቀዝቀዣው፣ ካሜራውና ሬዲዮው ባንድነት ይሄዳሉ። የኤን ትሬን ወንበር የሰፋ፣ የላዳን በር የጠገነ የጅማ እጅ እዚህ ላይ የሚይዘው ነገር የለውም፤ ክፍሉ ከቻይና መምጣት አለበት።

የቮልስዋገን ኃላፊዎች የደንበኛውን ቅሬታ ሰምተዋል። የሚነካው መስመር በኋለኞቹ ሞዴሎች መብራት ተደረገለት፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የኩባንያው የዲዛይን ኃላፊ አንድሬያስ ሚንት በሚመጡት መኪኖች ላይ ለድምፅ፣ ለሙቀትና ለአደጋ መብራት እውነተኛ ቁልፎች እንደሚመለሱ ተናግረዋል። ይህ የሚመለከተው ገና የሚሠሩትን ነው። ኢትዮጵያ ቀደም ብለው የገቡት አይዲዎች ባለ ሁለት መክፈቻ ሆነው ይቀራሉ፤ ባለቤቶቻቸውም ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የኋላ መስኮቶችን ሳያዩ በጣት ዳብሰው መዝጋት መልመድ አለባቸው።